የሚነክሰው ቀጭኑ ነው

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሱቁ ጀርባ

በልጅነቱ በመደርደሪያዎቼ ላይ፣ አሁን ደግሞ በሰው ሕንፃ ላይ ለሚንጠለጠለው ለጦጣዬ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብትታመምም ደኅና ነኝ እንደምትል አሁን አውቄያለሁ። እኛ ደኅና ነን። ሱቁ ይሠራል፣ የአባትህ ጉልበት እንደ ድሮው ነው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አሁንም ክር ሊለምን ይመጣል። ሰላምታው ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። በዚያው ቀን ልመልስልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ የጻፍኩትን ሳነበው ለልጅ የሚላክ አልሆነም። ስለዚህ እንደ ልማዴ የቀን ውሎ መጻፊያ ደብተሬ ላይ ዘረገፍኩትና እስኪጠልል ጠበቅሁ። ይህ የጠለለው ነው።

እስቲ የራስህን ወሬ መልሼ ልንገርህ፤ ከሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚመስል እወቀው። የረጅሙን ሕንፃ መስታወት ስታጥብ የሸሚዝህ ጫፍ፣ የተንጠለጠልክበትን ገመድ ይዞ ቀስ እያለ በሚያወርድህ ማውረጃ ብረት ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ወደ ታች የለ፣ ወደ ላይ የለ። ጣሪያው ላይ ቆሞ ሊጠብቅህ የሚገባው ባልደረባህ ምሳ ሊበላ ሄዷል። እግርህ እስኪደነዝዝ ተንጠልጥለህ ቆየህ፤ ሰውዬው ጠግቦ ሲመለስ አይቶህ ሰው ጠርቶ አወረዱህ። ይህን ሁሉ የጻፍክልኝ በሁለት መስመር ነው፤ ያውም በአገሩ ብርድና በአዲሱ ጫማህ መሀል ሸጉጠህ። ደግሞ «ሁለተኛው የደኅንነት ገመድ ስላለ መውደቅ የለም፣ አይዞሽ» ትለኛለህ። አለመውደቅና በሰላም መውረድ አንድ ነው እንዴ? ሥጋ ቤት የተሰቀለ ሥጋም እኮ አልወደቀም።

መጨረሻው ላይ «ለአባባ እንዳትነግሪው» አልክ። አልነገርኩትም። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳነብለት እነዚያን ሁለት መስመሮች ዘለልኳቸው። እሱም እንደ ልማዱ የማይሰማ መስሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምስማር ይለይ ነበር። ታውቀዋለህ። «ገመድ የሚሸጥልኝ ወለድኩ ብዬ፣ ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ሆነ» ብሎህ ከተለያያችሁ ወዲህ ስምህን አልጠራም። ስልክ ስትደውል ውጭ ሥራ አያጣም።

ይህም ይለፍ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ጫፍና ጫፋቸው የተቋጠረ ሁለት የገመድ ቀለበቶች ወገብህ ላይ ነበሩ። ዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ በራሳቸው ውስጥ አሾልከህ፣ አንዱን ከወገብህ አያይዘህ፣ ሌላውን እንደ እርካብ ረግጠህ ትንሽ ከፍ ብትል፣ ማውረጃው ከክብደትህ ተላቆ ሸሚዝህን ታወጣ ነበር። ይህን ቋጠሮ አባትህ ገና ወገቤ ጋ ሳትደርስ አስተምሮሃል። ጉድጓድ ቆፋሪ በነበረበት ዘመን፣ ከላይ ያለው ሰው ትቶት ቢሄድ እንኳ ብቻውን የሚወጣው በሱ ነበር። አንተም አስረኸዋል። «ጠንካራውንና ወፍራሙን ገመድ ነበር ከቤት ይዤ የመጣሁት፤ ቋጠሮውን ረስቼው መሆን አለበት፣ ተንሸራተተብኝ» ብለሃል።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ደንበኛ ተንሸራተተብኝ ብሎ ሲመጣ አስቀድሜ የምመረምረው ዕቃውን ነው። ሐሙስ ዕለት አባትህ ጉልበቱን ሊያሳይ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ሱቁን ዘግቼ መጋዘን ገባሁ። ዋናውን ገመድ ከጣሪያው ብረት ላይ አሰርኩ፤ ከሥሩ ጆንያ ከመርኩ። የወገብ ቀበቶም ከመደርደሪያው አውርጄ ታጠቅሁ። ሆዴ ላይ አልደርስ ብሎ ያሳየኝን አበሳ ልተወው።

መጀመሪያ አንተ ከወሰድከው ከወፍራሙ ቆረጥኩ። ቋጠሮው ልክ ነበር። ስቀመጥበት ሸርተት ብሎ ጆንያው ላይ ዘረረኝ። ደግሜ አሰርኩ፤ ደግሞ ጣለኝ። ዋናውና ቀለበቱ አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ሳያቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ውፍረታቸው እኩል ነው። እኩያ እኩያውን አይነክስም። የሚነክሰው ቀጭኑ ነው። ውፍረቱ ከዋናው ግማሽ ትንሽ የሚበልጠውን ቆርጬ ሞከርኩ፤ ጨምድዶ ያዘኝ።

አየህ፣ ይህን ስህተት የሚሠራ የገመድ ሻጭ ልጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል። አንተ ግን ሱቃችን ለገባ ሁሉ «ወፍራሙን ይውሰዱ፣ የማይቆጭዎት እሱ ነው» ሲባል እየሰማህ አደግህ። የሰማኸው ከኔው አፍ መሆኑንም ታውቃለህ። በዚህ ላይ ሌላ አልጽፍም።

ከዚያ ወጣሁ። እናትህ ገመድ ላይ ወጣች። ሳቅ፤ ስቀህ ስትጨርስ ግን ልብ ብለህ አንብብ። በወገብህ ትቀመጣለህ፤ የእግሩ ቋጠሮ ሲላላ ወደ ላይ ትገፋዋለህ። እርካቡ ላይ ትቆማለህ፤ አሁን የወገቡ ይላላል፣ እሱን ትገፋለህ፤ መልሰህ ትቀመጣለህ። በክንዱ የሚጎትት ሞኝ ነው፣ የሚያነሳህ እግርህ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ደግሞ ከበታችህ ዋናውን ገመድ ቋጥረህ ከወገብህ አያይዘው፤ ሁለቱም ቢከዱህ እሱ አይከዳህም።

ጣሪያው ድረስ ደረስኩ። መውረዱን ግን አላሰብኩበትም ነበር። እግሬ ከእርካቡ አመለጠና ክብደቴ በሙሉ ወገቤ ላይ አረፈ፤ የወገቡ ቋጠሮ ድንጋይ ሆነ። ብነካካው ብጎትተው ወይ ፍንክች። እግሬን ሳወራጭ ገመዱ ይዞኝ ይዞር ጀመር። ጭኔ መደንዘዝ ሲጀምር ቁጣዬ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። እንዲህ ነበርክ ማለት ነው፣ ያውም ከስንት ፎቅ ላይ።

በዚህ መሀል የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ሐኪሙ ዛሬ አልገባም ብለው መልሰውታል። አባትህ በትሩን ተደግፎ ቆመና ሽቅብ አየኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ።

«ዕቃ እያወረድኩ።»

«የሚወርድ ዕቃ አላይም።»

አልሳቀም። በበትሩ ጫፍ እርካቡን ስቦ እግሬ ሥር አመጣልኝ። «ቁሚበት። ተቀምጠሽበት አይላላም» አለ። ቆምኩ፤ እውነትም ላላ። ቁሚ፣ ግፊ፣ ተቀመጪ እየተባልኩ እንደ ሕፃን ወረድኩ። መሬት ስረግጥ ጆንያው ላይ ዘፍ አልኩ። እሱ ግን እኔን ትቶ ወለሉ ላይ የጣልኩትን ወፍራሙን ቀለበት አነሳ። በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው።

«ይኼን ነው ይዞ የሄደው?»

ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አዎ አልኩት።

«ተንጠልጥሎ ነበር?»

የወገቤን ቀበቶ መፍታት ያዝኩ።

«የዘለልሽው እሱን ነው» አለ። ለካ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምስማር ሲለይ፣ ድምፄ የተደናቀፈበትን ቦታ ሳይቀር ይዞታል። ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና በሩ ጋ ሲደርስ፣ «ቋጠሮውን አስተማርኩት። ገመዱን ግን ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምቆርጥለት» ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ስማኝ። ወፍራሞቹን ቀለበቶች የልብስ ማስጫ አድርጋቸው። ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት። ጣሪያው ላይ ሰው ሳይቆም እንዳትወርድ፤ አለቃህ ሥራ ይጓተታል ካለህ እናቴ ነገረኛ ናት በለው፣ አልዋሸህም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። አንተን መከራው መክሮሃል፤ ሁለተኛ እንዲመክርህ አልፈቅድም። ከእንግዲህም አንድ ነገር ደብቀህ አይዞሽ ብትለኝ፣ ያለሁበት ድረስ እስክትመጣ መልስ አልጽፍልህም።

ከደብዳቤው ጋር ጥቅል ይደርስሃል። ሁለት ቀጫጭን ቀለበቶች ቆርጬ ያሸግሁት እኔ ነበርኩ። ትናንት ጠዋት ሱቁን ስከፍት ግን ጥቅሉ ተፈቷል። የኔዎቹ ወጥተው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠዋል፤ በቦታቸው ሌሎች ገብተዋል፣ ጫፋቸው እንዳይተረተር በእሳት ተተኩሶ። አንደኛው ደግሞ እንድታየው ቁራጭ ገመድ ላይ ታስሯል። ጥምጥሙ ወደ ግራ የዞረ ነው፤ ወደ ግራ የሚያስር ሰው እኛ ቤት አንድ ብቻ ነው ያለው። መልሼ አሸግሁት።

ቋጠሮውን አይተህ ፍታው፣ ፈትተህ እሰረው፣ እጅህ ሳታየው እስኪያስር ድረስ።

በላይ የያዘህ አይልቀቅህ፤ በታች የሚጠብቅህ አያሳጣህ። እግርህ ሁልጊዜ የሚረግጠው ያግኝ።

በሚመጣው እሑድ ጠዋት ደውል። አባትህን ጠይቄዋለሁ፤ ውጭ ሥራ የለውም።

ገና ያልበረደላት እናትህ