የደምሴ ጋቢ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 67፤ ወረኢሉ

ዛሬም መኪና የለም። ከመካነ ሰላም እዚህ ድረስ በጭነት መኪና ተንገጫግጨን መጣን፤ የደሴው አውቶቡስ ነገ ነው አሉ። የማስተምርበት ት/ቤት ስለተዘጋ አባባን አ.አ. ወስጄ ዓይናቸውን ላሳክማቸው ነው። ሞራው ሁለቱንም ጋርዶታል። ቄስ ናቸውና ቅዳሴውን በቃላቸው ነው የሚወጡት።

እማዬ አልሄድም ስትል ከርማ በመጨረሻው ቀን ተነሳች። የወንድሜን የደምሴን ጋቢ አጥባ፣ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ደምሴ በዚያ ክፉ ቀን የእርዳታ እህል ፍለጋ ደሴ እንደሄደ ቀረ። መጠለያ ውስጥ ታሞ ሞተ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተቀበረ ብለው ነገሩን። እሷ ግን እርሟን አላወጣችም። ለቅሶ እንቀመጥ ስንላት ሬሳ አላየሁም፣ ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ አለች። ጋቢው ለምንሽ ነው ብላት፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ካገኘሁት ይለብሰዋል አለችኝ። ምን ልበላት ደብተሬ? ጥቅልሏን አጥብቄ አሰርኩላት።

ዓርብ፣ የካቲት 7፤ አ.አ.

አክስቴ ቤት አርፈናል። ሐኪሙ አባባን ከወር በኋላ ተመለሱ አላቸው። መካነ ሰላም እዚሁ ያለ ሰፈር መስሎታል። እማዬ መንገድ ላይ የቀን ሠራተኛውን ሁሉ ፊቱን ታያለች። አንዱንማ እጁን ይዛ አገላብጣ አየችው። ደግ ልጅ ነው፣ ጉልበቷን ስሞ ሄደ። አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ማፈሬ አናደደኝ።

ነገ ሙዚየም እወስዳቸዋለሁ። ለተማሪዎቼ በወሬ ያስተማርኩትን እኔም ልየው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ ከሰዓት

ጠዋት ሙዚየም ሄድን። ውስጥ የጥንት መስቀል አለ ስላቸው አባባ ደጃፉን ተሳልመው ጫማቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን አይደለም ብላቸውም አልሰሙኝ። ጫማቸውን ተሸክሜ ተከተልኩ። እማዬ የጥንቱን ወፍጮ አይታ ሳቀች፤ ይሄማ እኛም ቤት አለ፣ ምነው እኛን የሚያየን ጠፋ አለች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

ከዚያ መስተዋት ሣጥን ውስጥ አጽም። ከድሮ መቃብር ተቆፍሮ የወጣ። እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። አባባ ምንድን ነው ሲሏት፣ ሰው ነው፣ ብርድ እንደመታው ልጅ ተኮራምቷል አለች። ዘበኛውን የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀችው። አይታወቅም። ክፈትልኝ ላልብሰው አለችው። አይከፈትም። ጋቢውን አውጥታ መስተዋቱ ላይ ዘረጋችው።

ሊቆጣን ነው ብዬ ስሳቀቅ ዘበኛው አብሽሪ፣ አይዞሽ እናቴ አላት፣ ቀስ ብሎ። የወረኢሉ ሰው ነው ለካ። ቆቡን አወለቀ።

አባባ ፍትሐት ተደርጎለታል ወይ አሉ። ማን አውቆት ይፈታዋል አለች። አባባ በባዶ እግራቸው ቆመው ፍትሐቱን በቃላቸው ጀመሩ። ስም ከሚጠራበት ሲደርሱ ማን ልበል አሉ። እማዬ ወልደ ማርያም አለች። የደምሴ የክርስትና ስም ነው። ከዚያ ጋቢው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ሰው መለሰልን።

ሰኞ፣ የካቲት 10፤ ጠዋት፣ አውቶቡስ ተራ

እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለችን፣ ለቅሶውን ከልክያችሁ ነበር። አገር ስንገባ ድንኳን ይተከላል፣ ደምሴ ይለቀሳል። ጋቢውን ለአባባ ደርባላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ይበርዳቸዋል።

እኔም እኮ እሷን እየጠበቅሁ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም፣ ደብተሬ። ታላቄ ነበር። ነበር ብዬ ስጽፍ ገና አሁን ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። እማዬ አጠገቧ ቦታ ይዛልኝ ነይ ልጄ፣ ነይ አብረን እናልቅሰው እያለች ነው።