የገብስማዋ እግር

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የስደት ከተማዬ ሾዋክ ዛሬ እሳት ናት። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ቀሚስ ስሰፋ ዋልሁ። ዶሮዎቼ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ንቅንቅ አላሉም።

ከሰዓት ኢንቲሳር ገባች። ጦርነቱ ከከተማዋ ከመደኒ አፈናቅሎ ካመጣት ወዲህ ጎረቤቴ ናት፤ ዓመት አለፋት። እሷ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ... ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል። ገብስማዋን ዶሮ ብድግ አድርጋ እግሯን አገላበጠች።

«ይችን ጀረብ ይዟታል፣ እከክ ነው። ከሌሎቹ ለይተሽ እሰሪያት።»

አምሳለ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ቁማ ትሰማለች።

«እኛ ቤት እከክ የለም! አርጅታ ነው» አልኋት። ኢንቲሳር ዶሮዋን አስቀምጣ ወጣች።

በሰው ፊት ምን አስቸኮላት?

መጋቢት 15

ኢንቲሳርን ሰላም ካልኋት ስድስት ቀን። ገብስማዋ የገዛ እግሯን ስትነክስ አየሁ። ቅርፊቱ ብድግ ብድግ ብሏል፤ ከስሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር... እርጅና ነው። እርጅና ይሆን?

መጋቢት 23

ኢንቲሳር በር አንኳኳች። የዒድ ኩኪስ ይዛ መጥታ ልትታረቀኝ ይሆናል። ሄለንን «የለችም በያት» አልኋት። ልጄ አየችኝ። «እማ፣ ዐይብ!» አለች፣ ነውር ማለቷ ነው። ግን ወጥታ «የለችም» አለች። የኢንቲሳር ነጠላ ጫማ ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ።

መጋቢት 25

ሄደች።

ባለሱቁ ጀማሉ ነገረኝ። «ወደ መደኒ የሚመለሱ ሰዎች ሎሪ አግኝተው፣ ትናንት ንጋት ላይ አብራ ዕቃዋን ጭና ሄደች። አንችንማ ተሰናብታሻለች፣ አይደል?»

«አዎ» አልሁት። ዋሸሁ። ለካ ልትሰናበተኝ ነው የመጣችው... እኔ ከውስጥ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥሁ።

ሚያዝያ 3

ገብስማዋ ታነክሳለች። ሁለቱ ቀዮችም እግራቸው ሻክሯል። ኢንቲሳር ልክ ነበረች። አምሳለ «ናፍጣ ቀቢው፣ ድራሹ ይጠፋል» አለችኝ። ቀባሁ። ገብስማዋ ጮኸች፣ ከእጄ አመለጠች። ምነው መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ?

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ቆዳዋ ተቃጠለ። አንድ ጣቷም ተቆርጦ ወደቀ። በጨርቅ ጠቅልዬ ገበያ ወሰድኋት፣ ፍየልና ከብት የሚያክመው አቶ አገኘሁ ዘንድ። የመተማ ሰው ነው። አገላብጦ አየና፣

«መቼ ጀመራት?»

«ወር ሆናት።»

«ማንም አልነገረሽም?»

«እርጅና መስሎኝ ነበር» አልሁት።

በዓይን የማይታይ ቅንቅን ነው አለኝ። ከእግሯ ቅርፊት ስር ገብቶ ይቦረቡራል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። «ያረጀች ጤነኛ ዶሮ እግሯ ልስልስ ነው፣ እቴ። ናፍጣው ደግሞ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ሌሎቹን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እግራቸውን ዘፍዝፊ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለሽ ፈትጊ፣ ቅርፊቱን በጥፍር እንዳትልጪው። አድርቀሽ ቫዝሊን ድፍን አድርገሽ ቀቢ። በየሦስት ቀኑ፣ አዲስ ቅርፊት እስኪያወጡ። የሚያድሩበትን እንጨት እጠቢ፣ ገለባውን አቃጥይው። ጤነኛ የምትመስልሽንም እንዳትተያት።»

«ይችስ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ዘግይቷል። ላርድልሽ?»

ሕማማት ነው፣ እንዴት ቢላ ይነሳል? መልሼ ይዣት መጣሁ።

ሚያዝያ 8

ገብስማዋ ሞተች። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰቃይ አየኋት።

ሚያዝያ 21

ዘፈዘፍሁ፣ ፈተግሁ፣ ቀባሁ። ሄለን ትይዛለች። መጀመሪያ ይራገጡ ነበር፣ አሁን ውሃው ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ይህን ያህል ቀላል ነበር...

ግንቦት 17፣ እሑድ

የቀሩት አራቱም ዶሮዎች ድነዋል። አሮጌው ቅርፊት ረግፎ አዲሱ ወጥቷል። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

ጀማሉ የኢንቲሳርን ስልክ ከዘመዷ ተቀበለልኝ። ሦስቴ ደወልሁ፣ እንቢ አለ። በአራተኛው ገባ።

«ኢንቲሳር፣ ዙፋን ነኝ። የሾዋኳ።»

ከዚያ ሰላምታ፣ የእነሱ ረጅም ሰላምታ። ሄለን ደህና ናት? ሥራስ? መደኒ ያለው ቤቷ በሩም መስኮቱም ተነቅሎ እንደጠበቃት ነገረችኝ። መጋረጃ ሰቅላ ትኖራለች።

«የዚያን ቀን ቤት ነበርሁ» አልኋት።

«አውቃለሁ። የስፌት መኪናሽ ይሰማ ነበር። ሳንኳኳ ጸጥ አለ።»

አውቃ ነው የሄደች። ያንን ሁሉ መንገድ አውቃ...

«ይቅር በይኝ። ስለ ዶሮዋም ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁ።»

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል» አለች። «ማሌሽ፣ ሲት ዙፋን።»

ሲት ዙፋን... ወይዘሮ ዙፋን እንደ ማለት፣ ሰው ለማይቀርበው ሰው የሚለው። አብረን በኖርንበት ዓመት እህቴ እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

«ይቅር አለችሽ?» አለችኝ ሄለን።

«አዎ» አልኋት። እውነትም ብላለች።

በሚመጣው እሑድ ደግሜ እደውል ይሆን? ደውዬስ ምን እላለሁ?