ያልተወለወለችው ቤሳ

ለምወድህ ወንድሜ ለወንዲ፣

እንደምን ከረምክ? እዚህ ሰበታ ዝናቡ አባርቷል፤ እማዬም እኔም ደህና ነን።

ስለ ሳንቲሞችህ አታስብ። አክስታችን ድንቅቱ ለአርባህ ከቡራዩ መጥታ ጠገራ ብሮቹ ጠቁረው ስታይ፣ ሎሚና አመድ ይዛ ብቅ አለች።

«የሟች ዕቃ እንዲህ ጠቁሮ ሰው ይየው? እንደ መስታወት ላብራልህ!»

«አክስቴ፣ ወንዲ ከተፈተጉ ይበላሻሉ ይል ነበር» ብዬ የሳንቲሞችህን ቆርቆሮ አቀፍኩት።

«አዬ፣ አንተም እንደሱ ሆንክ!» ብላ ሎሚውን ለሰላጣው ወሰደችው።

ክረምቱን ሙሉ ግን ስፈራ ከረምኩ፤ ግድግዳችን እንደሚያልበው ታውቃለህ። እንዳስተማርከኝ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከጫማ ካርቶን ያጠራቀምካቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሬ፣ ቆርቆሮውን ከቁም ሳጥኑ አናት አስቀመጥኩት።

እማዬ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት አክስቴ ቤት አደረች። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። አንዱም አረንጓዴ ዝገት አልያዘውም! አንዷ የመዳብ ቤሳ ላይ ብቻ የአውራ ጣት አሻራ ጠቁሮ ታትሟል። «በጠርዙ ያዝ!» እያልክ ስትቆጣኝ ለካ አንተም ነክተሃታል። ሳልነካት ጣቴን ከላይ አድርጌ ለካሁ፤ ያንተ ይሰፋል። ሳልወለውላት መልሼ ጠቀለልኳት።

በል፣ ሰላምህ ይብዛልኝ።

ወንድምህ አማኑ