ስትነሳ የሕዝብ፣ ስትቆም የእኔ

...የመኪናዋ በር ግን አልዘጋ አለ። አንዴ ገፋሁት፤ ተመልሶ ተከፈተ። በኃይል ወረወርኩት፤ ተመልሶ ተከፈተ። ልጄ ሰርክአዲስ ውስጥ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ትስቃለች። ሻጩ አቶ አጽብሐ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቆላው መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሽማግሌ፣ ውቤ በረሃ ካለው ግቢያቸው ደጃፍ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አይ ጌታው! ይቺ ትለመናለች እንጂ አትመታም» ብለው እጀታውን ወደ ላይ ብድግ አድርገው በአንድ ጣት ገፉት። ትንሽ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ተዘጋ። ሁለቱም በሮች አመላቸው አንድ ነው አሉን። ሰርክአዲስ ወዲያው ተማረችው፤ እኔ ግን እስከ ጊዮርጊስ ድረስ በሩን በእጄ ይዤ...

ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ ጀመርኩ። ሰሞኑን እንዲህ ሆኛለሁ፤ አንዱን ነገር ስጀምር ሌላው መሃል ላይ ይገኛል።

ለተከበሩ ጓድ ገዛኸኝ፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነትዎን እመኛለሁ፤ ይህንንም የምለው ለወጉ ብቻ ሳይሆን፣ ባለፈው ጉንፋን ይዞዎት በተኙበት ሳምንት ስኳር ሳይታደል መቅረቱን ሠፈሩ ሁሉ ስለሚያስታውስ፣ የእርስዎ ጤና ለእኛ የሻይ ጉዳይም ጭምር ስለሆነ ነው። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎም ያለ ሕመም ይሁንልዎ፤ የላንድሮቨሯ ወንበር ለወገብ እንደማይመች አውቃለሁና።

እኔ ሀብተሥላሴ ብርሃኔ፣ በማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት እያረምኩ የማድር፣ ከመሥሪያ ቤትዎ በታች ባለው ቁልቁለት የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅደር እንዳይጠፋብኝ ስለሰጋሁ፣ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከስኳር ዕደላው ማስታወቂያ ጎን እለጥፈዋለሁ። ተሰላፊው ሕዝብ ጊዜ አለው፤ ያነበዋል።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን በስብሰባው አዳራሽ ስለ ተደረገልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ፣ እኔም አባቴ እንዳስተማረኝ ብድግ ብዬ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን፤ የእናንተው ናት» አልኩ። በዚህ ሠፈር ሰው አዲስ ካፖርት ለብሶ «ያምራል» ሲባል «ያንተው ነው» ይላል፤ ካፖርቱን አስወልቆ የሄደ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልታየም ነበር። ጸሐፊዎ ቃሌን በቃለ ጉባኤ አሰፈሩት፤ «ነዋሪው መኪናውን ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም አበረከተ» ተብሎ ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቁታልና። ባለቤቴ ሸዋረጋ ከሴቶቹ መቀመጫ ሆና አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ አስተያየቷ ተነጋግረን አናውቅም። መኪናዋ የተገዛችው በአንገቷ ወርቅ ነው፤ አሁንም በፒያሳ ወርቅ ቤቶች በኩል ስናልፍ እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ ማዶ ታዞራለች።

፪ኛ) ስለ ሥራ ክፍፍላችን አመሰግናለሁ። ስትነሳ የሕዝብ ናት፤ ስትቆም የእኔ። ራዲያተሯ ሲፈላ፣ ጎማዋ ሲተነፍስ፣ ሞተሪኖዋ እምቢ ሲል፣ ሾፌርዎ ፍቅሬ ከቤቴ ደጃፍ አምጥቶ ያቆማትና «ጋሼ፣ መኪናዎ ታማለች» ይለኛል፤ ስትድን ደግሞ «ጋሼ፣ ሕዝቡ ይፈልጋታል» ብሎ ይወስዳታል። ቦሎው በእኔ ስም ይታደሳል፤ የቤንዚን ኩፖኑ በእኔ ስም ይወጣል፤ ቤንዚኑ በእርስዎ ስም ይቃጠላል። አንድ ሰው ንብረቱን ሙሉ በሙሉ ቢወረስ ያዝናል፣ ይረሳል፤ እርስዎ ግን በርኅራኄዎ ሕመሟን ትተውልኛል።

በመኪናዬ ላይ የተሰቀለውን የድምፅ ማጉያም እዚሁ ላይ ልጨምር። ለጽዳት ዘመቻ ሲቀሰቀስ በማለዳ ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ የራሴ መኪና ናት፤ «ያልወጣ ነዋሪ ስሙ ይመዘገባል» የምትለኝ እሷ ናት። አንድ ጠዋት አንድ እግሬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ስፈልግ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አዳነች በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ መኪናዎ እየጠራችዎ ነው፤ አቤት ይበሏት እንጂ!» አለችኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ በልቤ «አቤት» ብዬ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

፫ኛ) ሦስተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ለተሰረዘው ነገር ቦታ መተው በማተሚያ ቤት የተለመደ ነው፤ እርስዎም ባዶውን ቦታ ሲያነቡ ምን እንደነበር እንደማይጠፋዎት እተማመናለሁ።

፬ኛ) ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ሰርክአዲስ አስተማሪ ናት፤ በዕጣ ከጀማ ወንዝ ማዶ ደርሷት ሄደች። ባሏ ሰሜን ግዳጅ ላይ ነው፤ ሰሜን የት እንደሆነ እርስዎም አይነግሩኝም፣ እኔም አልጠይቅም። እሷ ነፍሰ ጡር ናት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዷን ዳብሶ ፅንሱ መጋደሙን፣ በምጥ እንደማይወጣ፣ ክረምቱ ሳይገባ አዲስ አበባ ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት ነግሯታል። አውቶቡሱ ከወንዙ ወዲህ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው፤ ድሬሰሩ ደግሞ በቅሎ ላይ እንዳትወጣ ብሏል። ወንዙን በዚህ ወር በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት መኪና ትሻገረዋለች፤ ዝናቡ ከጠና ግን እስከ መስከረም ማንም አይሻገረውም።

መኪናዋን የገዛሁት ለዚህ አልነበረም፤ ሰርክአዲስን በየዕረፍቷ እየሄድኩ ለማምጣት ነበር። አሁን ግን ለዚህ ሆነች። ሰው አንድን ዕቃ ለምን እንደገዛ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ይህን ሁሉ በቢሮዎ ቆሜ ነግሬዎታለሁ። እርስዎም ጉዳዩን በጥሞና አዳምጠው፣ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት እንደሚያስፈልገኝ፣ የይለፍ ወረቀቱ የሚሰጠው መኪናው በእጁ ላለ ሰው እንደሆነ፣ መኪናዋ ደግሞ በሕዝቡ እጅ እንዳለች፣ ሕዝቡም ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያየው አስረዱኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ስጠይቅ፣ መኪናዋ ከዘመቻ ስትመለስ በድምፅ ማጉያው ይነገራል አሉኝ። ክብ ነገር ደስ ይለኛል፤ ጫፍ የለውም፣ ማንም አይወጋበትም። በር ላይ ስደርስም፣ እንዳልከፋ ብለው ይሆናል፣ «ጋሼ፣ እናቶቻችን ሁሉ እኮ ያለ መኪና ነው የወለዱን» አሉኝ። እውነት ነው። ያልወለዱት ግን እዚህ መጥተው ሊመሰክሩ አልቻሉም።

፭ኛ) ይህኛው ምስጋና ለመጻፍ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ሄጃለሁ። ከመስኮቱ የሚታየው የመሥሪያ ቤትዎ ግድግዳ ነው፤ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አለ፤ ድመት ተኝታበታለች።

መኪናዋ ከጀማ ማዶ ደርሳ ተመልሳለች፣ ጓድ ሊቀመንበር።

ያለ እኔ። ለዘመቻ ተብላ ወጥታ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ለቤትዎ ጤፍና ለእንግዶችዎ ሙክት በግ ጭና ገባች። ጭቃዋን አይቼ አወቅሁ፤ እንዲህ ያለ ነጣ ያለ ጭቃ በእኛ ሠፈር የለም። ፍቅሬን ጠየቅሁት። ፍቅሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቆቡን በሁለት እጁ ሲያዞር ሲያዞር ቆየና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እኔ ባልነግርዎት ይሻል ነበር። ልጅዎን አየኋት። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋን ስታይ እርስዎ የመጡ መስሏት፣ ሆዷን ይዛ ሮጠች። እንዳትሮጥ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ቀረብ ብላ እኔን ስታይ ቆመች። ‹አባዬስ?› አለችኝ። ‹ጤፍ ለመጫን ነው የመጣነው› አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ጓድ አብረውኝ የላኩት ሰው ቦታ የለም አለ። በጉ ኋላ ነበር።»

እሷ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁት። ሞተሩ ባሞቀው ኮፈን ላይ እጇን አሳርፋ ትንሽ ቆየች አለ።

ይህን ለሸዋረጋ አልነገርኩም። እሷም በሰሌዳው ላይ ታነበዋለች። ስኳር የምትሰለፈው እሷ ናትና።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ይህን ያህል ወረቀት ያባከንኩትም አጭር ነገር ለመጠየቅ ስለምፈራ ነው። መኪናዋን አይመልሱልኝ። ለዘላለም የሕዝብ ትሁን፤ ድምፅ ማጉያውም ከላይዋ አይውረድ። አንድ ጊዜ ብቻ ትሂድና ትመለስ። እኔ ካልታመንኩ ፍቅሬ ይንዳት፤ እኔ ቀበሌው ግቢ በመያዣነት ልቀመጥ። የእርስዎ ጤፍ ካለም በዚያው መንገዷን ጭና ትምጣ፤ ሰርክአዲስ ቀጭን ናት፣ ከጆንያው አጠገብ ያለው ቦታ ይበቃታል። አሁን ቀጭን ላትሆን ትችላለች። ቢሆንም ይበቃታል።

ትናንት ማታ ዘነበ። ብዙ አልነበረም። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ እኔና ሸዋረጋ እየሰማነው ያልሰማን መስለን ተኛን።

ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ደግሞም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ስለሚሰጡኝ የነፃነት ጊዜ ከልብ እያመሰገንኩ፣

በተጨበጨበ ቁጥር ሲያጨበጭብ የኖረ፣ አሁን ግን ሁለቱም እጆቹ ለሌላ ነገር የሚያስፈልጉት፣ የመኪናዎ ባለቤት፣

ሀብተሥላሴ ብርሃኔ
ከቁልቁለቱ በታች፣ አራዳ
ግንቦት መጨረሻ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ሳልጠቅስ ያለፍኩት፦ በጉ ከጀማ ማዶ ተነስቶ ያለ ምንም የይለፍ ወረቀት አዲስ አበባ መግባቱን ተረድቻለሁ። በየኬላው ማንም አልጠየቀውም። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም፤ በጉም የሚከሰስበትን ደረጃ አልፏል። ልጄም ሙክት ሆና ባለመፈጠሯ በእርስዎ ዘንድ ይቅርታ እንዲደረግላት ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። በሩን ስለ መዝጋት። መኪናዋን የሚያዘወትሩት እርስዎ ስለሆኑ ማወቅ ይገባዎታል፤ ፍቅሬ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይወረውረዋል፣ ሠፈሩም በዚያ ድምፅ መምጣታችሁን ያውቃል። እጀታውን ወደ ላይ ብድግ ማድረግ ነው፤ በኃይል አይደለም። አቶ አጽብሐ ባለፈው ዓመት ስላረፉ፣ አሁን ይህን የምናውቀው እኔና ሰርክአዲስ ብቻ...

መጣች መሰለኝ። ሰኞ እንደገና ለዘመቻ ተብላ ወጥታ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ፍቅሬም ሲወጣ ወደ እኔ መስኮት አይቶ ቆቡን አወለቀ። ቁልቁለቱን ስትወርድ የማርሿን ጩኸት አውቀዋለሁ። ቀበሌው ጋ አልቆመችም። እዚህ ደጅ ነው የቆመችው፤ ታማ ይሆናል፣ የእኔ ሆና ይሆናል። ሞተሩ ጠፋ። ሸዋረጋ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማለች፤ እጇ ላይ ያለውን ሳህን አላስቀመጠችውም።

የፍቅሬ በር፤ አንዴ። ሁለቴ።

ከዚያ በወዲያኛው ወገን ያለው በር ተከፈተ። ተከፍቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ያቺ ትንሽ የብረት ድምፅ፣ እጀታው ወደ ላይ ብድግ ሲል የምትሰማው፤ እና ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።