የአቤቱታዬ ማረጋገጫ ለአለቃዬም ስለመድረሱ

ለሠራተኞች ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ አየር የሚገባው፣ በሩም ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሸሚዝ ኮሌታ የምሰፋ ሴት ነኝ። አርባ ሦስት ሆነን በምንሠራበት አዳራሽ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ሸሚዝ እንዳይሰረቅ ተብሎ በሰንሰለት ተቆልፎ ይውላል። ባለፈው ወር በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር የተጠራቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ወደዚያ በር ስንሮጥ፣ ቁልፉ ምድር ቤት በአለቃችን ኪስ ውስጥ ነበር። እሳቱን ያጠፋችው ሁላችንም እትዬ የምንላት ልብስ ተኳሿ ናት፤ ያጠፋችውም በእጇ ነው። እጇ እስከ ዛሬ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው።

ይህንኑ በድረ ገጽዎ ላይ ባለው የአቤቱታ ቅጽ ሞልቼ ላክሁ። ወዲያው «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ምን እንደጠየቅሁም ሆነ የአቤቱታዬ ቁጥር ስንት እንደሆነ አንድም ነገር አልነበረበትም። እኔም አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ፣ ማረጋገጫው በመረጃ ቋታችሁ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ቢጨምር መልካም ነው ስል በአስተያየት መስጫው ጻፍሁ። መሥሪያ ቤትዎ ሰማኝ፤ ሰምቶም በሳምንቱ ፈጸመው። ምስጋናዬ በሚከተሉት ነጥቦች ይታይልኝ።

1ኛ. አዲሱ ማረጋገጫ ለዚያው አቤቱታ እንደገና ሲላክ ሙሉ ጽሑፌን፣ ስሜን፣ ስልኬንና የቤት ቁጥሬን ይዞ መጣ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ የቤት ቁጥሬን በቃሏ አታውቀውም።

2ኛ. ቅጹ ላይ «የቅርብ አለቃ ኢሜይል» የሚል፣ ቀይ ኮከብ የተደረገበት፣ ካልተሞላ ወደፊት የማያሳልፍ ሳጥን አለ። ሞላሁት። ሥርዓታችሁ አድልዎ የማያውቅ ሆኖ በመዝገቡ ላይ ኢሜይሉ ለተገኘ ሰው ሁሉ ግልባጭ ላከ። በማግስቱ አለቃችን ስልኩን ይዞ ማሽኔ አጠገብ ቆመና፣ «እህቴ፣ አጻጻፍሽ እንዴት ያምራል። ለካ የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ እስከ ፋብሪካው በር ይሸኘኛል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በአክብሮት ቃል ልሸፍነው አልቻልሁም።

3ኛ. ከዝርዝሩ መጨረሻ «የምርመራ ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» የሚል መስመር ነበረበት። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሰንሰለቱ ወልቆ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አጠገቡም የአበባ ማሰሮ ተቀምጦለት ተገኘ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎ እጅግ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ከሰፊዎቹ አንዳችንንም በጥያቄ አላስቸገሩም። እትዬ በተጠቀለለ እጇ ወደ በሩ ብትጠቁማቸው «አይዞሽ እናቴ፣ ይሻልሻል» ብለዋት አለፉ። «አቤቱታው መሠረት የለውም» ብለው ጽፈው ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰንሰለቱም የአበባ ማሰሮውም ወደየቦታቸው ተመለሱ።

4ኛ. በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ በኢሜይል ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። መልሴም ለማን እንደሚደርስ አውቃለሁና።

ክቡር ሆይ፣ የአዳራሹ መስኮቶች ፍርግርግ ብረት አላቸው፤ ከዚያ በር ሌላ ያለው መውረጃም አንድ ደረጃ ብቻ ሲሆን የሚጀምረው ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጎን ነው። በቀኜ የምትሰፋው ልጅ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሳት ቢነሳ የምትሮጠው ወደዚያው ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ለአቤት ባዩ ብቻ እንዲደርስ፣ የምርመራው ቀንም ከማረጋገጫው ላይ እንዲወጣ፣ ማንም ሳይጠብቀው መጥቶ ያንን በር የሚገፋ አንድ ሰው ብቻ እንዲልኩልን እለምናለሁ።

ትሕትናዬን ከእግርዎ ሥር አኑሬ እሰናበታለሁ፤

ኮሌታ ሰፊዋ
(ስሜን፣ ስልኬንና አድራሻዬን ከአለቃዬ ማግኘት ይቻላል።)

ተጨማሪ፦ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ አቤቱታ ሞልቼ ነበር። ማረጋገጫው ለእኔም ለአለቃዬም በአንድ ደቂቃ ደርሶናል። ቀጣዩ ምርመራ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። እንዳለፈው ከሆነ በሩ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍት ይሆናል፤ እባክዎ ለእሳቱም ግልባጭ ይላኩለት።