ሁለት ሜትር የሚለው መስመር

ሐምሌ 3
ጥፋቱ የሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ የምለው የእህቴን ልጅ ነው... ግንቡ ውስጥ የጠፋው ሲሚንቶ ስሙ ላይ ተገኘ ብሎ ስሙን ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።
ልብስ አጠብኩ። አልደረቀም። ከመስኮቴ ፍርስራሹ ይታያል። አምና ጎርፉ ዳገቱን ሲንደው የድጋፍ ግንብ ይሠራ ተባለ፤ ሥራውን ሲሚንቶ ወሰደ። ዘንድሮ ዝናቡ ገና ሳይጠነክር ግንቡ ልብስ ሰፊዋ ቤት ላይ ተኛ።

ሐምሌ 5
ልብስ ሰፊዋን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳት። ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች የለም። “የስፌት መኪናዬስ ተርፋለች እትዬ፤ የጎደለችው ባለቤቷ ናት” አለችኝ እየሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሐምሌ 6
ሲሚንቶ ብርቱካን ይዞ መጣ። ግንቡ ለምን እንደፈረሰ የምታጣራው መርማሪ ልትጠራኝ ነው። የግንቡ ርክክብ ወረቀት ላይ ሰፈሩን ወክለው ከፈረሙት አንዷ እኔ ነኛ።
“አክስቴ፣ ማንበብ አልችልም በይ። የመሠረቱንም ጉድጓድ አላየሁም በይ። ያኔ የዝናቡ ጥፋት ይሆናል። አሮጊት ማን ያስራል?”
ብርቱካኑን አልነካሁትም።

ሐምሌ 7
የርክክቡ ዕለት ሌሎቹ ፈራሚዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ። እኔ ብዕር ጠየቅኩ። ሦስት ዓመት በማታ ትምህርት የለፋሁበት ስሜ...
በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መሠረቱ ሁለት ሜትር ተቆፍሯል ይላል። ሲቆፈር ከመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ ጉድጓዱ ከቆፋሪው ጉልበት አላለፈም። ቀና አልኩ። በርቺ አክስቴ፣ ሰው ቆሟል አለኝ ሲሚንቶ። ሰው እያየኝ ስሜን መጻፍ አማረኝ። ፈረምኩ።
ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነበር?

ሐምሌ 9
መርማሪዋ ልጅ እግር ናት። ማንበብ ይችላሉ ወይ እማማ አለችኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ሲሚንቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን ስጪኝ አልኳት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ሜትር የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።
“ይሄ ውሸት ነው። ስፈርም አውቅ ነበር።”
ጉድጓዱን ነገርኳት። ጻፈችው። እስከ መጨረሻው አንብቤ ፈረምኩ። ፊደሉ አላማረም።
ስወጣ ሲሚንቶ ቀና ብሎ አላየኝም። በእጄ ያጎረስኩት ልጅ...
እኔንም ይጠይቁኝ ይሆናል። ይጠይቁ። ነገ ለልብስ ሰፊዋ ራሴ እነግራታለሁ። እግሯን አይመልስላትም።
ዕድሜዬን ሙሉ የከበደኝን ነገር ሁሉ “እኔ ማንበብ አልችል” እያልኩ አልፌዋለሁ። ከቻልኩም በኋላ። ከእንግዲህ አልልም።