መርዶህን የተናገርኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ስድስተኛው ክረምት ወጣ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ቀበሌው አለህ ሲል፣ እኔ ለሟች ብጽፍ ወንጀል ይሆን ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ሞተሃል። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ከእኔው አፍ ስማ።

ጌጃ ሰፈር ያለው የእንጨት ሥራ ቤትህ የአብዮት ጥበቃዎች ማደሪያ ሆኗል። መላጊያህንና መጋዝህን ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም። የሥራ ጠረጴዛህ ያለበትን ግን አውቃለሁ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተሙን የሚመታው እሱ ላይ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠናለሁ። እማዬ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቅህ ነበር። ጥቁር መልበስ አልተፈቀደላትም። ባልሽ ግዳጅ ላይ ነው ይሏታል። መጠየቅ ስታበዛባቸው ደግሞ፣ ሞቶ ቢሆንስ፣ ለጀግና አይለቀስም ይሏታል።

አብሮህ የዘመተው ጎረቤታችን ጋሽ ተካ አንድ እጁን አጥቶ ተመልሷል። ቤታችን እየመጣ ይቀመጣል፤ እማዬ ስለ አንተ ስትጠይቀው፣ የጦር ግንባሩ ሰፊ ነው ይልና አቀርቅሮ ይበላል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ከጅጅጋ ማዶ በማለዳ ወድቀሃል። ከአንድ አለት ሥር አፈር ያለበሰህ እሱ ነው። «ያኔ ሁለት እጅ ነበረኝ» አለኝ።

ለእማዬ ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት። መርዶ ብቻውን ሄዶ የሚነግር ሰው የለም፤ ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው አለኝ። እውነቱን ነው። ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ሄድን። እነሱም፣ ቀበሌ አልሞተም ላለው ሰው ድንኳን አንተክልም አሉን። ፈርተው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልፈርድባቸውም ይል ይሆናል፤ እኔ እፈርድባቸዋለሁ።

ሐምሌ ላይ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። የሠፈራችን ፈቃደኛ ዘማቾች ሻምበል ታሪክ ለአብዮቱ በዓል ይነበባል፣ የተማርሽ ነሽ፣ የዘማችም ልጅ ነሽና ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት።

ሻምበሉ የተወለደው በስብሰባ ነው ብዬ ጀመርኩ። ስኳር ይታደላል ተብሎ የተጠራው ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ በሩ ተዘጋ። መዝመትን የሚቃወም እጁን ያውጣ ተባለ። አንድም እጅ አልወጣም፤ ማን ደፍሮ ያወጣል? በሙሉ ድምፅ ፈቃደኞች ሆናችሁ ተባለ። አንተ ባዶ ከረጢትህን ይዘህ ተመልሰህ ለእማዬ «እጄን ሳላነሣ ወታደር ሆኜ መጣሁልሽ» አልካት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

መሣሪያ ስላልነበረ የልምምዱን ጠመንጃ ከእንጨት የጠረብከው አንተ ነህ። ቆርቆሮ ሠሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ አትክልት ሻጩ እሱን ተሸክመው አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ላይ ሲሮጡ የሠፈሩ ልጆች «ጋሼ፣ ምስጥ እንዳይበላብህ» እያሉ ይከተሏቸው ነበር። እያንዳንዱን ጠመንጃ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁ። ለመጫወቻ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ነው ስልህ፣ ስንጥር እንዳይወጋቸው ነው አልከኝ። እጄን ይዘህ በሰደፉ ላይ አሻሸኸው። እውነትም እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር።

ከሜክሲኮ አደባባይ በጭነት መኪና ወሰዷችሁ። እውነተኛ ጠመንጃ የታደላችሁ ግንባር ልትደርሱ ስትሉ ነው፤ አንዳንዱ ተኩሶ እንኳን አያውቅም ነበር። ዛሬ ከሻምበሉ የተረፈው አንድ ውይይት ታክሲ አይሞላም።

ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የተዘጋው በር «የሕዝብ ማዕበል» ሆነ። የእንጨቱ ጠመንጃ ጠፋ። እናንተም «ዛሬም በግንባር ይገኛሉ» ተባላችሁ። «ታሪክ ማስተማሪያ ነው ጓዲት፤ የለቅሶ ቤት ወሬ አይደለም» አለኝ። በበዓሉ ዕለት እሑድ አዳራሽ ውስጥ አንብቢው ብሎ አዘዘኝ። እሺ አልኩት።

የዘማቾቹን እናቶችና ሚስቶች ደረታቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ ሰክተው ፊት ወንበር ላይ ደርድረዋቸው ነበር። እማዬም መሐላቸው ነበረች። መድረክ ላይ ወጣሁና ወረቀቱን አጠፍኩት። «እናቶቼ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ» አልኩ።

ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አባቴ ሞቷል አልኩ። ቆርቆሮ ሠሪው ዓለሙ ሞቷል፣ ጫማ ሰፊው ከበደ ሞቷል እያልኩ ጋሽ ተካ የነገረኝን ስም ሁሉ ጠራሁ። እማዬ ቀስ ብላ ተነሣች። ጥለቱን ገልብጣ ለበሰችና ያን ሁሉ ዘመን የያዘችውን ድምፅ ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ሊቀመንበሩ «ውረጂ አንቺ!» ብሎ ማይክሮፎኑን ነጠቀኝና መፈክር ጀመረ፤ ለቅሶው ዋጠው። ጋሽ ተካ ከበሩ አጠገብ ቆሞ «እውነቷን ነው፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለ። አንዴ የተነገረ መርዶ ደግሞ ወደ አፍ አይመለስም።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ በራችን ላይ ድንኳን ተከሉ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

እማዬ ተቀይማኛለች። «ማለዳ፣ በሰው ቤት፣ ሰው ደግፎ ይዞኝ መስማት ነበረብኝ፤ አንቺ መፈክር ሥር አረዳሽኝ» አለችኝ። ልክ ናት። ልጅ እናቷን አታረዳም። ግን ማለዳውን የወሰዱባት እነሱ ናቸው፤ ለዚያ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ ሕዝብ ፊት ቀርቤ ተሳስቻለሁ እንድል ታዝዣለሁ። ካላልኩ ከትምህርቴ እባረራለሁ፤ የባሰም እንዳለ ሊቀመንበሩ ክርኑን ጠረጴዛህ ላይ አስደግፎ ነግሮኛል። እቀርባለሁ። ያን ቃል ግን ከአፌ አያገኙትም።

አርባህን በልደታ ቤተ ክርስቲያን እናወጣለን፤ የምንቆጥረው መርዶህ ከተነገረበት ቀን ነው፣ ሌላ ቀን አልሰጡንምና። እኔ ብታሰር እንኳ እማዬ ታወጣዋለች፤ ብትቀየመኝም ይህን ቃል ገብታልኛለች። እኔም በበኩሌ ቃል እገባልሃለሁ። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሰው፣ ልጄም ይሁን መርማሪ፣ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ አባቴን ወሰዱት፣ ሞተ፣ አለቀስንለት።

ልጅህ ስንዱ